ዘሊካ የዳነችበት ዓመት

ዘሊካን ቃር ማቃጠል ከጀመራት ስንት ዓመት እንደሆነው ራሷም አታስታውሰውም። በርበሬ ከተወች ቆየች፤ ቡናም ተወች። የምትውጠው የቃር እንክብል ሲያልቅባት ግን ያ እሳት ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል። ጋደም ስትል ስለሚብስባት ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታድረው። ባሏ ቃሲም፣ ጣና ዳር የእንጨት ጀልባ የሚሠራው፣ ስታቃስት ከሰማ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ተነሥቶ ውኃ ያቀብላታል፣ ጀርባዋን ያሻታል።

ወሬውን ያመጣችው ልጃቸው ናኢማ ናት። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ሆድ ሳይቀደድ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ እያስገቡ የላላውን የጨጓራ አፍ እንደሚያጠብቁ ሰማች። ዘሊካ ፈራች።

"እኔ አለሁ አይደል?" አላት ቃሲም። "ግቢ፤ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ።"

እንዳለውም ጠበቃት። ሕክምናው ሰመረ። በማግስቱ ሾርባ ስትጠጣ ምንም አላቃጠላት፤ ደስ ብሏት አለቀሰች። ቃሲም አጠገቧ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እያራሰ፣ አንገቱን እየሰገገ ይውጣል። ያከመቻት ዶክተር ሥርጉት ልታያት ስትገባ ዓይኗ እሱ ላይ ቀረ።

"አባቴ፣ ሲውጡ ይይዝዎታል እንዴ?"

"የእኔ ቀላል ነው። እሷ ብቻ ትዳንልኝ።"

"ከጀመረዎት ቆየ?"

ቃሲም ዘሊካን አየና ዳቦውን ሻዩ ውስጥ ነከረ።

ሲመረመር የምግብ ቧንቧው ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ወደ ጉበቱም አልፏል። ለካ እሱንም ቃር ለዓመታት ሲያቃጥለው ኖሯል። ዶክተሯ ሥቃዩን ከማስታገስ በቀር የሚሠራ ነገር እንደሌለ ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

ቤት እንደገቡ ዘሊካ ጮኸችበት።

"ለምን አልነገርኸኝም? ለምን?"

"አንቺ እንደዚያ እየተሠቃየሽ እኔንም አመመኝ ልበልሽ? መጀመሪያ እሷ ትዳን፣ ከዚያ እኔ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ አልሁ።"

ከዚያ ወዲያ እሱ ወተት እንኳ እምቢ ሲለው እሷ ያሻትን መብላት ቻለች። አፈረች። ጓዳ ገብታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትጎርሳለች። አንድ ቀን የተጠበሰ ቀረሶ ሸተተውና ጠራት።

"ዓሣሽን እዚህ አምጪው። ስትበዪ ልይሽ።"

አጠገቡ ተቀምጣ በበርበሬ እያጠቀሰች በላች። እንባዋ እየወረደ በላች። እሱ የተኛበት ሆኖ ፈገግ ብሎ ያያታል።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ለቅሶ ላይ ጎረቤቶቿ ከበዋት፣ "እህል ቅመሺ፣ ትታመሚያለሽ" እያሉ ያጎርሷት ጀመር። ጉርሻው እንዲያንቃት፣ እንዲያስመልሳት ፈለገች። ምንም አልያዛትም፤ ሁሉም ወረደላት።