አህያዋ ድልድዩን ያልተሻገረችበት ምክንያት

ራቢያ የወሎ ሰው ናት፤ ሐይቅ አካባቢ ተወልዳ ያደገች። ኩዌት መጥታ ሩማይሲያ በሚባለው ሰፈር ማዳም ሩት የሚባሉ እንግሊዛዊት አሮጊት ቤት መሥራት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ማዳም ሩት በወጣትነታቸው ኩዌታዊ አግብተው የመጡ ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱም "አገሬ እዚሁ ነው" ብለው ቀሩ። ዐረብኛቸው ከጎረቤቶቻቸው አይለይም፤ ከራቢያ ጋር የሚጫወቱትም በዚያው ነው።

የማዳም ሩት ቅድመ አያት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ስመ ጥር ደራሲ ነበሩ። ሲያረጁ ዓይናቸው ፈዘዘና መጻፉ ቀረ። ሴት ልጃቸው ቤት ተጠግተው ለልጅ ልጆቻቸው ተረት ማውራት ያዙ። የመጨረሻው ተረታቸው ድልድይ አፋፍ ላይ ቆማ አልሻገር ስላለች አህያ ነበር። ለምን አልሻገር አለች? ሽማግሌው ምክንያቱን ሳይናገሩ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በልደታቸው ቀን ቤተሰቡ ይሰበሰብና በዕድሜ የሚበልጠው ሰው አዲስ ምክንያት ፈጥሮ ይናገራል። ደራሲው ርስትም ቪላም አላወረሱም፤ ያወረሱት ያችን አህያ ነው።

ኮሮና በገባበት ዓመት የደራሲው ልደት ከረመዳን ጋር ገጠመ። ሐዝር የሚሉት የሰዓት እላፊ ታውጆ ሰው ከቤት አይወጣም፣ አውሮፕላንም ቆሟል። ለንደን የሚኖረው የማዳም ሩት ልጅ ኢዘዲን ከነልጆቹ በስልክ ቪዲዮ መጣ። ማዳም ሩት ወጥ ቤት ገብተው ተቀምጠዋል፤ ራቢያ ለአፍጥር ሳምቡሳ ትጠቀልላለች።

"አያቴ፣ ዘንድሮስ ለምን ቆመች?" አሉ ልጆቹ።

ማዳም ሩት አሰቡ፣ አሰቡና ሳቁ። "ዘንድሮ ጭንቅላቴም ሐዝር ገብቶበታል።" ወደ ራቢያ ዞሩ። "ልጄ፣ እስቲ አንቺ ንገሪያቸው።"

"ኧረ ማዳም! እኔ ምን አውቃለሁ?"

"አህያ ታውቂያለሽ።"

ይህስ እውነት ነው። ራቢያ እጇን ጠረገችና ጀመረች። "አህያዋማ ድልድዩን አልፈራችም። ከገበያ እየተመለሱ ነው። እሷ ጨው ተጭናለች፤ ጌታዋ ባዶ እጁን እያፏጨ ይከተላል። ቢለምናት እምቢ፣ ቢመታት እምቢ። ሲብስበት አንዱን ጆንያ አውርዶ በራሱ ጀርባ አዘለ። ያኔ ዱብ ዱብ እያለች ተሻገረች! ለካ ጌታዋ አንዴ እንኳ ሲሸከም ማየት ነበር ያማራት።"

ኢዘዲን ለልጆቹ ሲተረጉምላቸው ሶፋው ላይ ተንከባለሉ። ራቢያ ግን ነገሩ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ማዳም ስለ እሳቸው የተናገርኩ ይመስላቸው ይሆን? ቀና ብላ ብታይ ማዳም ሩት በሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ ነው።

"ቅድመ አያቴ ቢሰሙሽ ኖሮ ብዕራቸውን ያስረክቡሽ ነበር!" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የልብስ ቅርጫት ይዘው እያነከሱ መጡ።

"ምን ሆኑ ማዳም? ይተዉት!"

"ድልድዩ ጋ እንዳትቆሚብኝ ብዬ ነው።"

ቅርጫቱን እየተናጠቁ ሁለቱም ተሳሳቁ።

በተከታዩም ዓመት ተራው የራቢያ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት በረራው ተከፍቶ ልጆቹ በአካል መጡ። ማዳም ሩት በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቢጠብቋቸው፣ ልጆቹ ሳም ሳም አድርገዋቸው ወደ ወጥ ቤት ሮጡ።

"ራቢያ! ሌላ ንገሪን!"

"ለኔ ይህችው ናት ሰላምታዬ?" እያሉ ማዳም ሩት ተከተሏቸው። ራቢያ እንዲያስተረጉሙላት ማዳምን ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ሠርግ ስለ ተጠራው ጅብ ማውራት ጀመረች።