ዘለቀ የሚለቅማቸው ጫማዎች

የላስቲክ ጫማ ፀሐይ ሲመታው የሚሸተው ሽታ ዛሬም አሰብ ይወስደኛል። የሚወስደኝ ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ቤታችን ደጃፍ ነው።

የመጨረሻው ደህና ቀን እሑድ ነበር። በደርግ ጊዜ የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ የሚሰበሰቡት እኛ ቤት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዘለቀ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን መሪያችን እሱ ነበር። ሰው ሁሉ ጫማውን ደጅ አውልቆ ይገባል፣ ዘለቀ ጎንበስ ብሎ ይለቅምና አልጋ ሥር ይደብቀዋል፤ የቀበሌው ጥበቃ ደጃፋችን ላይ ሃያ ጥንድ ጫማ ካየ ሌላ ማስረጃ አይፈልግምና። ከቆርቆሮው በሚወርደው ሙቀት እየተጠበስን በሹክሹክታ ዘምረን ስንጨርስ፣ የእያንዳንዱን ጫማ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ባለቤቱ እግር ሥር ያስቀምጥለታል። የማን የማን እንደሆነ ተሳስቶ አያውቅም። ወደብ የሚሠሩት የጋሽ ደምሴ ጫማ ጀልባ ያክል ስለነበር፣ “ይሄንንስ ወደቡ ላይ ማሰር ነው” ይላቸዋል። እሳቸውም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ፤ ጮክ ብሎ መሳቅም አይቻልም ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። በማንበብም በማስረዳትም እበልጠዋለሁ። እሱ ሲገባ ሰው ብድግ ሲል እቀና ነበር። ክብሩን እመኛለሁ፤ ጫማ መልቀሙን ግን አልመኝም፣ አፍርበት ነበር።

የዚያን ዕለት የተነበበው ማርያምና አሮን በወንድማቸው በሙሴ ላይ ያጉረመረሙበት ታሪክ ነው። ዘለቀ አንድ የቦታ ስም ላይ ተንተባተበ። አረምኩት። በዚያ አላበቃሁም። ጋሼ ማለቱን ትቼ በስሙ ጠራሁት።

“ዘለቀ፣ እግዚአብሔር የሚናገረው በአንተ ብቻ ነው? እኛስ?”

ማርያም የጠየቀችውን መጠየቄ የገባኝ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው።

“አንተ! ለታላቅህ እንዲህ ይባላል?” አሉ ጋሽ ደምሴ።

“ይተዉት ጋሽ ደምሴ። እውነቱን ነው፣ ከእኔ እሱ ያነባል።”

ይህ ባሰብኝ። በባዶ እግሬ ወጣሁ። አሸዋው ፍም ነበር። ዘለቀ ጫማዬን ይዞ ሮጦ ደረሰብኝና እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ።

“ማርያም ተቀጥታ ከሰፈር ውጭ ስትቀመጥ ሕዝቡ ሰባት ቀን ቆሞ ጠብቋት የለ? እኛም እንጠብቅሃለን” አለኝ።

ጫማዬን አደረግሁ። ጥዬው ሄድኩ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ ሲል “ነቃህ?” አለኝ። ነቅቻለሁ፤ የተኛሁ መሰልኩ። ሲመለስ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብዬ ነበር። ቀትር ላይ ረዳቱ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣ። መኪናው ተገልብጧል፤ ዘለቀ አልተረፈም። ሙቀቱ ስለማያቆይ በዚያው ዕለት ቀበርነው። አላለቀስኩም። እጆቼ የሌላ ሰው መስለውኝ አያቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንደበተ ርቱዕ ሰባኪ ብዙ ሰምቻለሁ። ከተሳደበ ሰው ኋላ ጫማ ይዞ የሚሮጥ ግን አላየሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ለቅሶ ደራሹ መጣ። ለቅሶ አይከለከልም፤ ጫማው ደጃፉን በግልጽ ሞላው። የቀበሌው ጥበቃም የራሱን አውልቆ ገባ። እኔ ጎንበስ አልኩና እያንዳንዱን ጥንድ ፊቱን ወደ ውጭ አዞርኩ።

“ተው ልጄ፣ አንተ ሐዘንተኛ ነህ” አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

“ይተዉኝ ጋሼ።”

ሲወጡ ለየባለቤቱ አቀበልኩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ለጋሽ ደምሴ የራሳቸውን ሳስቀምጥላቸው ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ረፋዱ ላይ ደጃፉ ላይ አንድ ጥንድ ቀረ። የእኔ ነው። እዚያው ትቼው በባዶ እግሬ ወደ አሸዋው ወጣሁ። ብዙ ሄድኩ። ከኋላዬ የመጣ ሰው የለም።