ሐረገ ወይንና አልገጥም ያለው ብርሃን

የንፋስ መውጫዋ ሐረገ ወይን ነገር ለየት ይላል። ሰው ፊዚክስ ተማረ ሲባል ቢያንስ ሬዲዮ ይጠግንልናል ብለን እንጠብቃለን። እሷ እቴ! የምታጠናው በዓይን አይታይ፣ መሣሪያዋ እርሳስና ወረቀት። ሁለት የወርቅ ጫፎች ሊነካኩ ምንም ሳይቀራቸው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው አንዲት ሞለኪውል ትሰካለች፣ በእሷም በኩል ኤሌክትሪክ ያልፋል። ብርሃን ሲያበሩባት ትንቀጠቀጥና ቀለሙን ለውጣ ትበትነዋለች። ያ የተበተነ ብርሃን ምን ያህል እንደሚሆን በስሌት አስቀድሞ መናገር ነው ሥራዋ። ይህን ስታወራ ደስታው ፊቷ ላይ ይታያል፤ የሚሰማትም ሰው ሳይገባው ደስ ይለዋል።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግን ስሌቱ አልገጥም አለ። ሌሎች በሙከራ ከለኩት ብርሃን የእሷ ሁልጊዜ በዝቶ ይገኛል። የዶክትሬት ጽሑፏ አማካሪ ዶክተር ይበልጣል ቁርጡን ነገሯት።

"ከእረፍት ስትመለሺ ካልገጠመ ርዕሱን እንቀይራለን።"

የዓመታት ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው፤ እንደገና ከሀ መጀመር። ደግሞ ይህን ብርሃን ትወደዋለች፣ ከእሷ ወስደው ሌላ ቢሰጧት ልቧ አይቀበልም። ወረቀቶቿን ይዛ ለጥር እረፍት አገሯ ገባች።

አባቷ ግራ ጌታ ወልደ ሩፋኤል የአቋቋም መምህር ናቸው። እቤት ደቀ መዝሙሩ አንድ በአንድ እየገባ ከፊታቸው ይቆማል። እሳቸው በማኅሌት እንደሚቆመው ግራ ወገን ዜማውን ያነሣሉ፣ እሱ እንደ ቀኙ ይቀበላል፤ አንዱ ሲል ሌላው ያርፋል። ለሴት ልጅ አቋቋም ማን ያስተምራል? ሐረገ ወይን ከጓዳ በር ተቀምጣ ያንን እየሰማች ነው ያደገችው።

አስተርእዮ ማርያም ደረሰ። ታቦት ወጥቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ከበሮው መካከል ገባ። መጀመሪያ በየተራ አሉ። ሐረገ ወይን እንደ ልማዷ የአባቷን ድምፅ ለይታ ያዘች። ኋላ ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ ሲያነሡት የአባቷ ድምፅ ጠፋባት። ብትፈልግ ብትፈልግ የለም፤ የሚሰማው የሁሉም አንድ ድምፅ ነው።

ስንቱን በዓል አይታ ያን ቀን ገና ገባት። ብርሃኑ ተበትኖ የሚወጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በራሷ በሞለኪውሏ በኩል፣ ሌላው ሞለኪውሏ ከወርቁ ጋር በምትለዋወጣቸው ኤሌክትሮኖች በኩል። እሷ እንደ አባቷ ቤት ትምህርት ተራ ሰጥታቸው የአንዱን ጉልበት ለብቻ፣ የሌላውን ለብቻ አስልታ ደምራ ነበር። ብርሃኑ ግን በሁለቱም የሚያልፈው በአንድ ጊዜ፣ እየተቃረነ ነው። ሁለት ሰው አንድን በር ከውስጥና ከውጭ ቢገፋው ጉልበታቸው ይጠፋፋል እንጂ መቼ ይደመራል።

ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች። ጎረቤታቸው ውዴ "ኧረ ልጄ፣ ታቦቱ ሳይገባ ወዴት?" ብትላት "ተገኘ፣ እትዬ ውዴ፣ ተገኘ!" ብላ አለፈቻት። ውዴ የጠፋ በግ ነበር እንዴ ብላ ሰው ስትጠይቅ ዋለች።

እቤት ገብታ መንገዶቹን አስቀድማ አጣመረች፣ ጉልበቱን ኋላ አሰላች። ተቃራኒው ተቃራኒውን በላና ያ ሁሉ ትርፍ ብርሃን ጠፋ። የቀረው ከሙከራው ጋር ልክክ አለ። አማካሪዋ ዘንድ ደውላ መስመር በመስመር አነበበችላቸው።

"እስቲ ድገሚው" አሉ። ደገመችው።

"በርዕስሽ ቀጥይ" አሉ፤ ድምፃቸው ይስቅ ነበር።

ግራ ጌታ ደክሟቸው ሲገቡ ልጃቸው አላስቀመጠቻቸውም፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አወራቻቸው። ስለ ወርቁም ስለ ኤሌክትሮኑም ብዙ አልጠየቁ። ስለ ተራው ስትነግራቸው ግን ዓይናቸው ወደ ጓዳው በር ሄደ።

"ከዚያ በር ግማሹን ብቻ ነዋ ስትሰሚ የኖርሽ" አሉ። "እኔ ነኝ በር ላይ የተውኩሽ።"

"ግማሹም እዚህ አድርሶኛል፣ አባዬ።"

ሽማግሌው መቋሚያቸውን አቀበሏት። "በይ ነይ፣ ከፊቴ ቁሚ። አሁን አብረን ነው የምንለው።"

ሐረገ ወይን መቋሚያውን ይዛ ደቀ መዝሙሮቹ ከሚቆሙበት ቦታ ቆመች።