አባዬ የወጣበት ጋዜጣ

ይሄ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሁለት ወር እግሬን ዘርግቼ አርፋለሁ ብዬ ባሰብኩበት ጊዜ። አላረፍኩም። ባስታወስኩት ቁጥር መጀመሪያ እናደዳለሁ፤ ቀጥሎ የሚሰማኝን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ለቡ ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ነፋስ ስልክ፣ እኔ በተወለድኩበት ቤት፣ ከእህቴ ጋር ይኖራል። ድሮ ባትላሜራ ነበር፤ ላሜራ እየቀጠቀጠ የመኪና አካል የሚያወጣ። በጃንሆይ ጊዜ መኪና እዚሁ የሚገጣጥም አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። ፋብሪካው ዛሬ የለም።

ከልጅነቴ ጀምሮ እስኪሰለቸኝ የሰማሁት አንድ ታሪክ አለ። ፋብሪካው የመጀመሪያውን መኪና ያወጣ ዕለት ጋዜጠኞች መጡ። የዚያን መኪና ፓራፋንጎ፣ ማለትም የፊት ጎማውን መከለያ፣ በእጁ የቀጠቀጠው አባቴ ነው። ፎቶ ተነሳ፤ ስሙም ጋዜጣ ላይ ወጣ። ያኔ አባዬ ማንበብ አይችልም። ያነበበለት ፎርማኑ ነው፤ “ዘለቀ፣ ስምህ ይኸውና!” ብሎ። አባዬ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ሲቆጥር ጋዜጣው በእጁ አልነበረም።

ሰኔ ላይ ዓይኑን ለማስመርመር ወሰድኩት። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን፤ የቀረውን ብርሃን ብዙ አትተማመኑበት አለን። ከዚያ ወጥተን ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥን አባዬ፣ “ያንን ጋዜጣ ፈልግልኝ። ስሜን በገዛ ዓይኔ ልየው” አለኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል?

“መቼ ነው የወጣው?”

“አንተ ክርስትና በተነሳህ ሳምንት።”

ለሒሳብ አስተማሪ ከዚህ በላይ ምን ይሰጠዋል? የተወለድኩት በኅዳር ሚካኤል መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው። ዓመቱ መታወቂያዬ ላይ አለ። ደምሬ፣ ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ላይ አረፍኩ። የግማሽ ቀን ሥራ መሰለኝ። ሞኝ!

መጀመሪያ መሃል ከተማ ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። “የዚያ ዘመን ጥራዞች ተዛውረዋል” አሉኝ። የት? አያውቁም። ሁለተኛው ጋ “የድጋፍ ደብዳቤ ያምጡ” አሉኝ። ትምህርት ቤቴ ክረምት ነውና ርዕሰ መምህሩ አገር ቤት ሄዷል፤ ማኅተሙን ቆልፎበት። ወረዳ ሄድኩ። “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።” በማግስቱ ሄድኩ። “ሲስተም የለም።” በእጅ ለሚጻፍ ደብዳቤ ሲስተም ምን ያደርግለታል ብዬ ብጠይቅ ልጅቷ እንደ ነገረኛ አየችኝ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ፣ “ጥራዞቹ እኛ ጋ አይደሉም፤ ነፋስ ስልክ መጋዘን ውስጥ ናቸው” አሉኝ።

ነፋስ ስልክ! ከአባቴ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት! በዚያ ዝናብ ሳምንት ሙሉ ከተማውን ስዞር፣ ለካ ጋዜጣው ደጃችን ነው። ወይ ነዶ!

የመጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት ይባላሉ። ፎርም ሰጡኝ። “የሚፈልጉበት ምክንያት” በሚለው ፊት ለፊት “ለአባቴ” ብዬ ጻፍኩ።

“መምህር፣ ‘ለአባቴ’ የሚል የለንም። ወይ ለጥናት፣ ወይ ለፍርድ ቤት።”

“እንግዲያው ለጥናት ይበሉት።”

“እርስዎ ራስዎ ይሰርዙትና ይጻፉ። ስርዝ ድልዝ ያለው ፎርም ደግሞ ተቀባይነት የለውም።” ሌላ ፎርም ሞላሁ።

የወሩን ጥራዝ አወጡልኝ። ቅጠል በቅጠል ገለጥኩት። የጨረታ ማስታወቂያ አለ፤ የሙት ዓመት አለ፤ ጠርዙን አይጥ የቀረጠፈው አለ። መኪና የለም። የሚቀጥለውን ወር አየሁ፤ ያለፈውን አየሁ፤ በመጨረሻ ዓመቱን በሙሉ አየሁ። ዘጠኝ ቀን! አቧራው እያስነጠሰኝ፣ መብራት ሲጠፋ በመስኮት ብርሃን እያነበብኩ። ስጨርስ አባዬ ጋ ጎራ እላለሁ። ገና በር ላይ ሳለሁ “አገኘኸው?” ይለኛል። ዘጠኝ ቀን “አላገኘሁትም” ማለት ምን እንደሚመስል ሞክሩት።

በዘጠነኛው ቀን ገነፈልኩ። “አባዬ፣ ጋዜጣው የለም! ምናልባት በሕልምህ አይተኸው ይሆናል!”

“ሕልም አልክ?” አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ምነው አፌን በቆረጠው። ይቅርታ ብል አልሰማኝም። በሁለተኛው ቀን በእህቴ ስልክ ደወለልኝ።

“ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሂድ።”

“ለምን ሁለት ዓመት?”

“ሂድ አልኩህ!” ዘጋብኝ።

ሄድኩ። ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ተገኘ።

ወይዘሮ ሰናይት እንኳ ከወንበራቸው ተነስተው መጡ። በፎቶው መሃል መኪናዋ ሪባን ታስሮባት ቆማለች። ከፊቷ ባለ ክራቫት ሰዎች ተደርድረዋል። ዳር ላይ አንድ ቱታ የለበሰ ቀጭን ወጣት እጁን ፓራፋንጎው ላይ አሳርፏል። ጆሮው ወደ ውጭ ቀና ያለ ነው፤ እንደኔ። አባዬ ነው።

ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ክቡር እገሌ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ የውጭ አገሩ ባለሙያ እንኳ ከነአባቱ ስም። ከዚያ “እና የፋብሪካው ሠራተኞች” ብሎ ነጥብ። ዜናውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዘለቀ የሚል የለም። ፓራፋንጎ የሚልም የለም። ለሪባኑ ቀለም ቦታ ተገኝቶ ለአንድ ሰው ስም ቦታ ይጠፋል?

ንዴቴ በረድ ሲል ነው ቀኑን ልብ ያልኩት። ጋዜጣው የወጣው እኔ ልወለድ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው። ሳልወለድ ክርስትና ተነሳሁ?

“ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው” አሉኝ ወይዘሮ ሰናይት፣ ስልኬን ሳወጣ። ፊቴን አዩት መሰለኝ፣ ቆይተው፣ “ሻይ ጠጥቼ ልምጣ። ስመለስ ጥራዙ ተዘግቶ ላግኘው” ብለው ወጡ። እግዜር ይስጣቸው።

አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

“አገኘሁት። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። እኔ የተወለድኩት መቼ ነው?”

ነገረኝ። እኛ ልጆች ሳለን ልደት የሚባል ነገር አናውቅም። የተወለድኩበት ዓመት ወረቀት ላይ የሰፈረው የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልፈተን ስል ነው። ፎርሙን የሞላው አባዬ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት በተማራት ፊደል። የብሔራዊ ውትድርና ወሬ ያኔ መናፈስ ጀምሮ ነበር። ከዕድሜዬ ሁለት ዓመት ቀነሰልኝ።

ቁጭ አልኩ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ አፈሳ ላይ ተይዤ ነበር። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አሰልፈውን፣ “ማርያምን! አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው!” እያልኩ አለቀስኩ። መዝጋቢው የተማሪነት ካርዴንም እኔንም አየና፣ “ይሄ ልጅ አይዋሽም፣ ልቀቁት” አለ። አብሮኝ የተያዘው የጎረቤታችን ልጅ ሄደ። በዚያው ቀረ። እኔ ቁመቴ አሳስቷቸው የያዙኝ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ለካ አሥራ ስምንት ሞልቶኛል።

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ያኔስ እሺ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ?”

“የመንግሥት ሠራተኛ ነህ። ‘ወረቀትህ ሐሰት ነው’ ብለው ከእንጀራህ ቢያፈናቅሉህስ? ይልቅ ጋዜጣውን አሳየኝ።”

ፎቶውን ስልኬ ላይ አጉልቼ ሰጠሁት። ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ ወደ መስኮቱ አዞረው፤ መልሶ አስጠጋው። “መኪናዋ ትታየኛለች። ሰዎቹም አሉ። ፊደሉ ግን ጉም ሆነብኝ” አለና ስልኩን መለሰልኝ። “በል አንብብልኝ።”

ማንበብ ጀመርኩ። ክቡር እገሌ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ባለሙያው። መጨረሻው ላይ ስደርስ አባዬ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ያንን ነጥብ ማንበብ አቃተኝ። “እና... ፓራፋንጎውን የሠሩት... አቶ ዘለቀ” አልኩ።

መሳቅ ጀመረ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

“አየህ? ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።”

“ምኑን?”

“ዕድሜህን ነዋ! ውሸት አይሆንልህም። ያኔ እውነቱን ብታውቀው፣ ማርያምን ብለህ ስትምል ድምፅህ እንዲህ ይሰበር ነበር። ይወስዱህ ነበር፣ ልጄ።”

አቀፍኩት። ፎርማኑም ያኔ እንደኔ አንብቦለት ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አልጠየቅኩትም።

አሁን የአባዬ ዓይን ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። እኔ በወረቀት ሃምሳ አራት፣ በእውነት ሃምሳ ስድስት ነኝ፤ ጉልበቴ ለምን እንደሚያመኝ ቢያንስ ገብቶኛል። በዚያ ክረምት ስንቱን እንደረገምኩ ሳስብ አፍራለሁ። ያቺን የስድስተኛ ክፍል ፎርም ሳስብ ደግሞ ንዴቴ ምስጋና ይሆናል፤ በዚያች በተንቀጠቀጠች ጽሕፈት ነው እዚህ የደረስኩት።

እንግዳ በመጣ ቁጥር አባዬ፣ “ጋዜጣዬን አንብብላቸው” ይለኛል። አነባለሁ። መጨረሻው ላይ ስሙን እጨምራለሁ፤ ድምፄ አሁንም ይሰበራል፤ እሱም አንገቱን አቀርቅሮ ይስቃል። ያንን ጋዜጠኛ ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።