ዘጠነኛዋ ቤት

አያት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኩ። ሴት ልጃቸው ጀርመናዊ ልታገባ ነው።

"አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ የልጁን አገር አጣራልኝ። ዘመዶቹን ግን እንዳትጠይቅ። እውነቱን የሚናገር ጎረቤት ነው" አሉኝ።

አጣራሁ። መንደሩ በጫካና በወንዝ መሃል ያሉ ዘጠኝ ቤቶች ብቻ ናቸው። ድሮ አንድ ባለወፍጮ ሰፍሮበት ነበር፤ ዛሬ በስምንቱ ቤቶች የሚኖሩት የእሱ ዘሮች ናቸው።

"ሁሉም ዘመድ?" ጋሽ ደምሴ ግራ ገባቸው። "ታዲያ ማን ይመስክርለት?"

የቀረችን ዘጠነኛዋ ቤት ነበረች። የነዋሪዋን ስልክ ከልጁ ተቀብዬ፣ እሳቸው አጠገቤ እንደተቀመጡ ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ። ከአዲስ አበባ እንደሆንኩ በእንግሊዝኛ ስናገር አንዲት ሴት በአማርኛ መለሰችልኝ። የተሳሳተ ቁጥር የደወልኩ መሰለኝ፤ ሆኖም ስለ ልጁ ጠየቅኳት።

"ጨዋ ልጅ ነው፤ አትስጉ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ አልዋሽም" አለች። "ግን የእሱም ቤተሰቦች ልጅቷን አጣሪልን ብለውኛል። ዘመድ ያልሆነ፣ በደንብ የሚያውቃት ጎረቤት አለ?"

ጋሽ ደምሴ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ኖረናል።

ስልኩን በመዳፌ ሸፍኜ "ልጅቷ ማን ነበር ስሟ?" አልኳቸው።