ሐመሶ ያጠበው ፋይል

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። የሞተው ሐመሶ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ ስንማር አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር የተጋራን ጓደኛዬ። ከባጃጁ ወርጄ ድንኳኑን ሳየው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ዕድሜ ሲገፋ ለቅሶ የሚለመድ ይመስለኝ ነበር፤ አይለመድም።

ያኔ ሁለታችንም ገና ወጣቶች ነበርን። ሥራችን ለሰው ሲያስረዱት ያስቸግራል። ዕድሜ ልኩን የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው አባቴ «ታዲያ ቤተ ሙከራው የት አለ?» ይለኝ ነበር። ቤተ ሙከራው ያው ኮምፒውተሩ ነበር። የሰውነታችን ሕዋስ በስስ የስብ ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ በሽፋኑ ውስጥ እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። እኛ በሩንም ስቡንም በኮምፒውተር እንሠራና አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚገፋ፣ እንዴት እንደሚይዝ በስሌት እንከታተላለን።

ኮምፒውተሩ አሮጌ፣ መብራቱም ሄድ መጣ የሚል ስለነበር ሸክም ማቅለል የክፍላችን ደንብ ሆነ። የፕሮቲኑ ቅርጽ ከውጭ አገር በኢንተርኔት ሲመጣ ውሃው፣ ጨውና የስብ ቁራጩ አብረውት ተጣብቀው ይመጣሉ። ከፕሮቲኑ በቀር ሁሉንም እንሰርዝና እኛው በሠራነው ሽፋን ውስጥ እንተክለዋለን። ይህን «ፋይሉን ማጠብ» እንለው ነበር።

ሐመሶም እንደ ደንቡ አጥቦ ጀመረ። የእሱ በር ሁልጊዜ ይዘጋል፤ መመረቂያ ጽሑፉም በሩ በራሱ ጊዜ እንደሚዘጋ የሚያስረዳ ነበር። ትምህርት ክፍሉ ከሁለታችን አንዳችንን በመምህርነት ሊያስቀር አስቦ ስለነበር፣ ቦታው የሐመሶ እንደሆነ ማንም አልተጠራጠረም። እናቱማ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል።

አንድ ቀን ያንኑ ፋይል ለራሴ ሥራ ሳይታጠብ ከፈትኩት። በበሩ ሁለት መቃኖች መካከል አንዲት የስብ ሞለኪውል ተሸጉጣለች። ሳልሰርዛት አስኬድኩት፤ በሩ አልተዘጋም። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልተዘጋም። ለካ በሩን ደግፋ የያዘችው እሷ ነበረች፤ የሐመሶ በር የሚዘጋው እሷን አጥቦ ስላወጣት ነው።

ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ልመረቅ ስል ነው የምትነግሪኝ?»

«ያየሁት ዛሬ ነው፣ ሐመሶ።»

«ቦታውን ፈልገሽው ነው» አለኝ።

ያ ቃል አመመኝ። ለሳምንታት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳንነጋገር ሠራን። ለአማካሪያችን አልተናገርኩም፤ ጽሑፉ የእሱ ስለሆነ መናገሩም የእሱ ነው ብዬ።

በሲዳማ አዲስ ዓመት፣ በፊቼ ዋዜማ ሰማዩ ሲያንጠባጥብ ውሎ መንገዱ ሁሉ ላቁጧል። ሐመሶ ጫማው ጭቃ ለብሶ በራችን ላይ ቆመ።

«ከሰው ተጣልቶ አዲስ ዓመት መሻገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ይቅር በይኝ፣ ገነት።»

አባቴ ከውስጥ ሰምቶ «ግባ እንጂ ልጄ! ደጅ ቆሞ ይቅርታ አለ እንዴ?» አለው።

በነጋታው በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ሜዳ ጭፈራውን አይተን እናቱ ቤት ሄድን። ቡርሳሜ ቀረበ፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ በአንድ ትልቅ ሸክላ። እጃችንን ታጥበን ከቀረብን በኋላ ግን ሐመሶ አልበላም።

«ሰኞ ለአማካሪያችን እነግራቸዋለሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቦታውን ታጣለህ እኮ።»

«አውቃለሁ። ታዲያ ታርቀን ስናበቃ ይህን በመሃላችን አስቀምጬ እንዴት ከአንቺ ጋር እበላለሁ?»

እናቱ የምንባባለው አልገባቸውም። «ብሉ እንጂ ልጆቼ» እያሉ ቅቤ ጨመሩልን። እሳቸውን ሳይ እንባዬ መጣ።

ሰኞ ለአማካሪያችን ነገራቸው። ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ፣ ምርቃቱ ተላለፈ፣ ቦታው ለእኔ ተሰጠ። እምቢ ልል ስል «ካልተቀበልሽ እንደገና እንጣላለን» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ይርጋለም ሄደና ታሞ ወደ ሐዋሳ እስኪመለስ ድረስ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ባዮሎጂ ሲያስተምር ኖረ። አንዳንዴ እንደዋወል ነበር፤ ስለዚያ ነገር ግን አንስተን አናውቅም።

ድንኳኑ ውስጥ ስሜን ስነግራት ባለቤቱ እጄን ያዘችኝ። ፊት ለፊት ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው።

«ገነት ማለት እርስዎ ነዎት? ልጆቹ ሲዋሹ የእርስዎን ነገር ነበር የሚያጫውታቸው። ‹እውነቱን ነግራኝ ያኮረፍኳት ጓደኛ ነበረችኝ› ይላቸው ነበር።»

«ስላጣው ቦታስ?» አልኳት።

«የምን ቦታ?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ስልኩ በጠራ ቁጥር ቁጭቱን በድምፁ ውስጥ ስፈልግ ኖሬአለሁ። እሱ ለካ ያን ቀን ታርቆ ጨርሷል፤ ያልጨረስኩት እኔ ነኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።