እጅጌው ያጠረው ኮት

አጎቴ ለየምርቃቱ ይለብሱት የነበረው ኮት፣ እዚሁ ሀዋሳ ሙያ ማሠልጠኛ ገብቼ መጀመሪያ የሰፋሁት ነው። ግራ እጅጌው አጭር ነበር። ፒያሳ ላይ ሰው ባገኙ ቁጥር ያንኑ እጃቸውን ዘርግተው «የእህቴ ልጅ ሥራ ነው!» ሲሉ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«ኧረ አጎቴ፣ ያውልቁትና ላስተካክለው።»

«ሌላ ስፊ። ይሄ የመጀመሪያሽ ነው፣ አይነካም!»

እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ዘንድሮ እኔ ስፌት ያስተማርኳቸው ልጆች ሲመረቁ እኔም ተሸለምኩ። ስሜ ሲጠራ ገና ከወዲሁ አፍሬ፣ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ተጨበጨበ። ቀስ ብዬ ቀና ስል፣ ከፊት የተቀመጡት እንግዶች እጅጌ ሁሉ እኩል ነው። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር፤ የሚያሳፍረኝ ግን አንድም አልነበረም።